ስለ ዉድፎርድ መንደርና ስለ ድንጋዩ ቦምብ
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)



ወደ ጥበቃዎች ደመወዝ ጉዳይ ከመግባታችን በፊት ጥቂት ደቂቃ ስጡን። የምንናገረው ስለ አንድ የእንግሊዝ መንደር ነው። «እሱ ደግሞ ከኛ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እስቲ ታገሡን።

መንደሩ ዉድፎርድ ይባላል። ከለንደን መሐል ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ኤፒንግ ከሚባለው ደን ዳር ነው ያለው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1856 ባቡር ገባለት። ከዚያ ወዲህ ለንደን ውሎ ማታ የሚመለሰው ሰው እየበዛ፣ የገጠሩ መንደር የከተማ ዳር ሠፈር ሆነ። ደኑ ግን በ1878 ሕግ ወጥቶለት ለሕዝቡ መናፈሻ ሆኖ ቀረ፤ ዛሬም አለ። (የኛን ወንዝ ዳር ዛፎች ማን እንደ ጨረሳቸው አንጠያየቅ!)

እዚህ መንደር ውስጥ ነው እንግዲህ ሚስ ሲልቪያ ፓንክረስት የኖሩት። ለሴቶች የመምረጥ መብት ሲታገሉ ብዙ ጊዜ የታሰሩ ሴት ናቸው። በ1924 ገደማ ዉድፎርድ ገብተው፣ ሲልቪዮ ኮሪዮ ከሚባል ስደተኛ ጣሊያናዊ ጋር ሻይ ቤት ከፈቱ። ሰውየው ጣሊያን ይሁን እንጂ የፋሺስት ጠላት ነበር።

ቀድሞ ይኖሩበት ከነበረው ቤት ፊት በ1935 አንድ ሐውልት አቆሙ። የንጉሥ ወይም የጄኔራል ምስል እንዳይመስላችሁ፤ አፍንጫው ወደ መሬት የተደፋ የድንጋይ ቦምብ ነው። በ1932 ጄኔቭ ላይ መንግሥታት ስለ ጦር መሣሪያ ቅነሳ ሲሰበሰቡ፣ ከአውሮፕላን ቦምብ መጣል ይከልከል ሲባል አንከለክልም ያሉ ነበሩ። ጽሑፉ ሐውልቱን ለነሱ «መታሰቢያ» ያደርገዋል። ምፀት መሆኑ ነው፤ የኛ ሰው ቅኔ የሚለው ዓይነት። የመጀመሪያው ድንጋይ ተሰረቀና በ1936 ሌላ ተተካ። በምረቃው ላይ ለንደን የነበረው የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ጸሐፊ ተገኝተዋል። ያን ጊዜ የኛ ሰው በቦምብና በመርዝ ጢስ እያለቀ ነበር። ቤቱ ፈርሷል፤ ድንጋዩ ግን እስካሁን መንገድ ዳር ቆሟል።

ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት ቀን፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ሚስ ፓንክረስት «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የሚባለውን ጋዜጣ ጀመሩ። 20 ዓመት አሳተሙት። በልዕልት ፀሐይ ስም ለተሠራው ሆስፒታልም ገንዘብ አሰባስበዋል። በ1948 ዓ.ም. ጠቅልለው መጥተው፣ መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ እዚሁ አዲስ አበባ አረፉ። መቃብራቸው ቅድስት ሥላሴ ነው።

ታዲያ አንዲት የሠፈራችን እናት ያንን ቀብር በልጅነታቸው አይተዋል። ሕዝቡ እንዴት እንደ ሞላ፣ አባታቸው ትከሻ ላይ ተቀምጠው እንዴት እንዳዩ፣ ቡና ላይ ሲያወሩ እንሰማ ነበር። «አንድ ቀን እንጽፈዋለን» እያልን ሁለት ዓመት አሳለፍን። ባለፈው ጾም ቀበርናቸው። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ የኛ የኮሚቴዎቹ ነው። የሚጻፍ ደብተር እንኳ ተገዝቶ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

የዉድፎርድ ሰዎች ስለ ሠፈራቸው ከሽማግሌዎቻቸው የሰሙትን እየጻፉ አስቀምጠዋል። እኛም ዕድሜያቸው ከ70 በላይ የሆኑትን ቆጥረናል፤ 19 ናቸው። ሁለቱ ታመው ተኝተዋል፤ ስለዚህ ከነሱ እንጀምራለን። ከመጪው እሑድ ከሰዓት ጀምሮ ሁለት ወጣቶች በስልካቸው እየቀዱ፣ አንዳችን እየጻፍን ቤት ለቤት እንዞራለን። ሠፈሩ መቼ ተቆረቆረ፣ ውኃ ከየት ይቀዳ ነበር፣ መብራት መቼ ገባ፣ የመጀመሪያው እድርተኛ ማን ነበር ብለን እንጠይቃለን። መናገር የማይፈልግ አይገደድም። ያረጀ ፎቶግራፍ ያላችሁ አውጡልን፤ እዚያው አንስተን እንመልሳለን፣ ይዘን አንሄድም። ቡና ከተፈላ ደግሞ አንጠላም።

አሁን ወደ ጥበቃዎቹ ደመወዝ እንለፍ።