«መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?»
ለመጀመሪያ እርዳታና ለሥራ ላይ ደህንነት ሥራ ቃለ መጠይቅ ስለመዘጋጀት

(በመርሳ በተደረገው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ካቀረበችው ንግግር የተወሰደ)

ከወልዲያ፣ ከሲሪንቃና ከጊራና መንገድ ችላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ልጅ አዝላችሁ ለመጣችሁ እህቶች ምስጋናዬ የበዛ ነው።

ሊቀመንበራችን «ስለ ኢንተርቪው ንገሪያቸው» ስትለኝ ሳቄ መጣ። እኔ ከማለፉ ይልቅ መውደቁን ነው አሳምሬ የማውቀው። ሁለት ጊዜ ወድቄ፣ በሦስተኛው ተጠባባቂ ተብዬ ነው ሥራ የገባሁት። ዛሬ በአንድ የሕንፃ ግንባታ ቦታ የደህንነት ሠራተኛ ነኝ፤ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑም በእኔ ኃላፊነት ነው። ሣጥኑ ቁልፍ የለውም። ለምን እንደሌለው ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

እንዲህ ያለው ሥራ ለአካባቢያችን አዲስ የሚመስለን አለን። ነገር ግን ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ሐራ ገበያ የሚመጣው የባቡር መስመር ሥራ ሲጀመር፣ የወልዲያው ስታዲየም ሲገነባ፣ ሄልሜት ያደረገ ሰው በየመንገዱ አይተናል። ሕጉም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኞቹን ስለሥራው አደጋ እንዲያስተምር፣ የደህንነት ኃላፊ እንዲመድብ፣ መከላከያ ዕቃ እንዲሰጥ፣ የደረሰን አደጋም እንዲመዘግብና እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ሥራው እንግዲህ በሕግ የተፈለገ ነው፤ ለሴት የማይሆንበት ምክንያትም የለም።

አሁን ሦስቱን ኢንተርቪውዎቼን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ውድቀት

ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ከሰው ኃይል፣ አንዱ መሐንዲስ፣ አንዱ የደህንነት ኃላፊ። የደህንነት ኃላፊው «አንድ ሠራተኛ ኤሌክትሪክ ይዞት ወድቋል። መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?» አለኝ። እኔም ሳላስብ «ሮጬ አነሣዋለሁ» አልኩት። ሰውዬው ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈና «እንግዲያው ሁለት ሬሳ ይኖረናል» አለ።

ያን ቀን ከቢሮው ስወጣ አልቅሻለሁ። ሰውዬው ግን እውነቱን ነው። እኛ ያደግነው ሰው ሲወድቅ ሮጦ ማንሣት ደግነት ነው እየተባልን ነው። በዚህ ሥራ ግን የመጀመሪያው እርምጃ ቆም ብሎ ማየት ነው። እኔን ምን ሊጎዳኝ ይችላል? የተጎዳውን አሁንም ምን እየጎዳው ነው? ለኤሌክትሪኩ ጥያቄ መልሱ «ኃይሉ መቋረጡን ሳላረጋግጥ አልነካውም፤ ሌላ ሰውም እንዳይነካው አደርጋለሁ» ነው። ከዚያ በኋላ ነው እርዳታ የሚጠራው፣ ትንፋሹ የሚታየው።

«መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?» የሚለው ጥያቄ በየኢንተርቪው ይመጣል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አደጋ መጀመሪያ የሚደረገውንና ፈጽሞ የማይደረገውን ለይታችሁ ተለማመዱ። በተለይ በቤታችን የለመድነው ነገር እንዳያስተን ተጠንቀቁ።

የሚጥል በሽታ የጣለው ሰው ቢኖር ክብሪት ለኩሰን አናሸትተውም፤ በአፉም ማንኪያ ወይም እንጨት አንከትም። የሚመታውን ነገር ከአጠገቡ እናርቃለን፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር እናደርጋለን፣ መንፈራገጡ ሲያቆም በጎኑ እናስተኛዋለን። ሰዓትም እንይዛለን፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና መሄድ አለበት።

ከከፍታ የወደቀ ሰው ሲኖር ደግፈን አናስቀምጠውም፣ ውኃ አናጠጣውም፣ አንጠልጥለን ባጃጅ ላይ አንጭነውም። ባለበት እንዲቆይ አድርገን ራሱንና አንገቱን ሳይነቃነቅ እንይዛለን፤ የሚያነሡት ማንሣት የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ደም የሚፈስሰው ሰው ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ቁስሉን አጥብቆ መጫን ነው፤ በየደቂቃው ገልጦ ማየት አያስፈልግም። ፀረ ተባይ መድኃኒት ዓይኑ ውስጥ የገባበትን ሰው ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብ ነው። በመስኖ እርሻ አካባቢ ለምትወዳደሩ ይህ ጥያቄ ላይቀር ይችላል። የማይተነፍስና የማይነቃ ሰው ቢሆን ደግሞ እርዳታ አስጠርቶ ደረቱን መጫን መጀመር ነው፤ 30 ጊዜ መጫን፣ 2 ጊዜ ማስተንፈስ፣ ፍጥነቱም በደቂቃ ከ100 እስከ 120። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 መሆኑንም በቃላችሁ ያዙ።

ሁለተኛው ውድቀት

ከዚያ ወዲህ ሥልጠና ወስጄ፣ የምስክር ወረቀት ይዤ ሄድኩ። ኮራ ብያለሁ። ጥያቄው እንዲህ ነበር፤ «በአንድ ወፍጮ ቤት እህል የሚያስፈጩ ሴቶች በሚሽከረከረው ቺንጋ አጠገብ ይተላለፋሉ። አንድ ቀን የአንዲቷን ነጠላ ይዞ ሊጎትታት ነበር። ምን ታደርጊያለሽ?»

እኔም «ነጠላና ሻሽ የለበሰች ሴት እንዳትገባ እከለክላለሁ» አልኩ። መሐንዲሱ ፈገግ ብሎ «አንቺ ምን ለብሰሽ መጣሽ?» አለኝ። ነጠላ ለብሼ ነበር።

ስህተቴ የገባኝ ቆይቶ ነው። አደጋው ያለው ቺንጋው ላይ ነው፤ እኔ ግን ሴቲቱን ነው ያባረርኳት። የደህንነት ሥራ ቅደም ተከተል አለው። አደጋው ከነጭራሹ ሊወገድ ይችል እንደሆነ ይታያል። ካልሆነ አደገኛው ነገር ባነሰ ይተካል። እሱም ካልሆነ በሰውና በአደጋው መካከል መከለያ ይደረጋል፤ ለቺንጋው የብረት ሽፋን ማሠራት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው የአሠራር ደንብ፣ ማስጠንቀቂያና ሥልጠና የሚመጣው። ሄልሜት፣ ጓንትና ሴፍቲ ጫማ በመጨረሻ ናቸው። ብዙ ሰው ስለ ደህንነት ሲጠየቅ ከሄልሜት ይጀምራል። እናንተ ከአደጋው ጀምሩ።

ለዚህ የሚረዳ አንድ ልማድ ልንገራችሁ። ከኢንተርቪው በፊት ወደ ሥራ ቦታው ሄጄ ከውጭ ቆሜ አያለሁ። የባሕር ዛፍ መወጣጫው እንዴት ታስሯል? የተቆፈረው ጉድጓድ ታጥሯል? መኪና ሲገባና ሲወጣ ሰው በየት ያልፋል? ሦስት ነገር በደብተሬ ጽፌ እገባለሁ። «ስለ ድርጅታችን ምን ታውቂያለሽ?» ሲሉኝ ያየሁትን በአክብሮት እነግራቸዋለሁ። ሰው ቤት ገብታችሁ ጎደሎ እንደማውራት እንዳይሆን ግን «እንዲህ ቢደረግ ይሻላል» የሚለውን አብራችሁ ያዙ።

ሦስተኛው

ሦስተኛው ላይ ሁሉንም መለስኩ መሰለኝ። በመጨረሻ አንዲት ሴት ነበረች፣ እስከዚያ ዝም ብላ የቆየች፤ «በእርዳታ ሥራ ተሳስተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ጦርነቱ ወደ ወልዲያ በገባበት ጊዜ፣ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በነበሩት ወራት፣ እዚህ ያላችሁ ሁሉ የምታውቁት ነው፤ መድኃኒትም ሐኪምም አይገኝም ነበር። የጎረቤቴ ልጅ የፈላ ውኃ ተደፋባት። እናቷ ይዛት ወደ እኔ ሮጠች። እኔም እናቴ ስታደርግ ያየሁትን አደረግሁ፤ ሊጥ ለጠፍኩበት። ሊጡ ደርቆ ከቁስሉ ጋር ተጣበቀ፤ ሲላቀቅ ቆዳውን ይዞት ተነሣ፣ ከዚያም አመረቀዘ። ልጅቷ ተርፋለች፣ ዛሬ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ክንዷ ላይ ያለውን ጠባሳ ግን በየቀኑ አየዋለሁ።

ያን ቀን ቤቴ ጀሪካን ሙሉ ውኃ ነበር። ያቃጠላት ቦታ ላይ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ቀስ እያልኩ 20 ደቂቃ ባፈስበት፣ አምባሯን ሳያብጥ ባወልቅላት፣ በንጹሕ ጨርቅ ብሸፍናት ኖሮ ጉዳቱ ይቀንስ ነበር። ሊጥ አይደለም፣ የጥርስ ሳሙና አይደለም፣ ቡናም አይደለም፤ ውኃ ነው።

ይህንኑ ለጠየቀችኝ ሴት ነገርኳት። ድምፄ ተንቀጥቅጧል። «ከዚያ ወዲህስ?» አለችኝ። «ከዚያ ወዲህ በዕድራችን ለሃያ ስድስት እናቶች ስለ ቃጠሎ አስተምሬያለሁ፤ ሊጥ የሚለጥፍ ቤት ካየሁም ዝም አልልም» አልኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተጠባባቂነቴ ቀርቶ ተጠራሁ። የተጠራሁት ስለተሳሳትኩ አይደለም። ይህ ሥራ አደጋን የሚደብቅ ሰው አይፈልግም። የራሷን ስህተት የደበቀች ሴት የድርጅቱንም አደጋ ትደብቃለች ብለው ይፈራሉ።

እህቶቼ፣ «ልምድ የለኝም» አትበሉ። ምጥ የያዛት ሴት በወሳንሳ ስትወሰድ አብራችሁ ሄዳችኋል። በለቅሶ ቤት ለሁለት መቶ ሰው ምግብ ሲዘጋጅ እሳቱን፣ ቢላዋውንና ሕፃናቱን የጠበቃችሁ እናንተ ናችሁ። የዕቁብ ገንዘብ ያለ ጉድለት ጽፋችኋል። ይህን በአራት ዐረፍተ ነገር መናገር ተለማመዱ፤ ምን ሆነ፣ የእኔ ድርሻ ምን ነበር፣ ምን አደረግሁ፣ ምን ተማርኩ። ያላደረጋችሁትን ግን አትጨምሩ። አንድ ጥያቄ ወደ ጎን ቢያስኬዷችሁ ይፈርሳል።

የሚከብዱት ጥያቄዎች

አንዱ ይህ ነው፤ «ፎርማኑ አርማታው ዛሬ መሞላት አለበት ይላል፤ ሠራተኛው ያለ ደህንነት ቀበቶ ላይ ወጥቷል። ምን ታደርጊያለሽ?» የሚፈተነው ድፍረታችሁና ጨዋነታችሁ ነው። «ሠራተኛው እንዲወርድ አደርጋለሁ፤ ለፎርማኑ በሰው ፊት ሳላዋርደው እነግረዋለሁ፤ ካልሰማኝ ለበላዩ አሳውቃለሁ፤ ቀኑንና ሰዓቱንም በመዝገብ እጽፋለሁ» በሉ። መጯጯህም ዝም ማለትም ያስወድቃል።

ሁለተኛው «አግብተሻል? ልትወልጂ ነው?» የሚለው ነው። አትቆጡ፣ አትሽኮርመሙም። «ሥራው የሚጠይቀውን ሰዓት ማክበር እችላለሁ» ብላችሁ ወደ ሥራው መልሱት። በልባችሁ ግን ሕጉን ያዙ፤ አዋጁ በአንቀጽ 87 ሴት በፆታዋ ምክንያት በቅጥር ልዩነት እንዳይደረግባት ይከለክላል፣ በውድድር ከወንድ ጋር እኩል ውጤት ካመጣችም ቅድሚያ ይሰጣታል። የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም።

ሦስተኛው «አንቺስ ጥያቄ አለሽ?» ነው። እኔ «የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑ የት ነው? ቁልፉስ በማን እጅ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ቁልፉ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛው ኪስ ውስጥ ነበር፤ እሱ ደግሞ ያን ቀን ወልዲያ ሄዷል። ሥራ ስገባ መጀመሪያ ያስወጣሁት ያንን ቁልፍ ነው። አሁን ሣጥኑ ክፍት ነው፤ አጠገቡ መዝገብ አለ፤ ጎዝና ፋሻ የወሰደ ሁሉ ይጽፋል። እስካሁን የጠፋ ነገር የለም።

በሣጥኑ ላይ ምን ምልክት እንደሚደረግም ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። ብዙዎቻችን ቀይ መስቀል እንላለን፤ ትክክለኛው ግን በአረንጓዴ ላይ ነጭ መስቀል ነው። የቀይ መስቀል ምልክት በጦርነት ጊዜ ሐኪምንና ቁስለኛን የሚጠብቅ፣ በሕግ የተከበረ ምልክት ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በኅዳር 1928 ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ ይህ ምልክት ያለበት ሆስፒታልም አልቀረለትም። የወሎ ሰው የምልክቱን ዋጋ ከማንም በላይ ያውቃል። በየሣጥኑና በየሱቁ ከተሣለ ክብሩ ይቀንሳል።

ከዋዜማው እስከ በሩ

መታወቂያና የምስክር ወረቀት ኦርጅናልና ኮፒ በአንድ ላስቲክ ክላሰር አዘጋጁ። ከመርሳ ወልዲያ ለምትሄዱ፣ የመጀመሪያውን መኪና ያዙ፤ ለደህንነት ሥራ ዘግይታ የመጣች ሴት ግማሽ ወድቃለች። መርገጥ የሚችል ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ፣ ሥራ ቦታውን እንዞርሽ ሊሏችሁ ይችላሉ። የማታውቁትን ስትጠየቁ «ይህን አላውቅም፤ ግን ማንን እንደምጠይቅ አውቃለሁ» በሉ። በዚህ ሥራ ያልተማሩትን መሞከር ሰው ይጎዳል፤ ድንበሯን የምታውቅ ሴት ይፈልጓታል።

ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ እዚሁ አዳራሽ ሦስት ሦስት ሆነን እንለማመዳለን፤ ሁለቷ ትጠይቃለች፣ አንዷ ትመልሳለች። እንግዶቻችን ለዚህ ልምምድ ልትረዱን ከወደዳችሁ፣ ደረት መጫን የምንለማመድበት አንድ አሻንጉሊትና ጥቂት ፋሻ ይበቃናል። እስከዚያው በትራስ እንለማመዳለን።

የጎረቤቴ ልጅ ዛሬ እዚህ ከኋላ ተቀምጣለች። ለመናገር ፈቃዷን ጠይቄ፣ «ንገሪያቸው» ብላኛለች። አብሽሩ፣ እንችላለን።