«ከዚያስ በኋላ?»



እኔ ባለሱቅ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ውፍረት ለመቀነስ ኦፕራሲዮን መሆኔን ስለምታውቁ ግን ስለዚሁ እንድናገር ተጠየቅሁ። «የት ሆንክ? ስንት አስከፈሉህ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። «ከዚያስ በኋላ?» ያለኝ እስካሁን የለም።

በ2013 እ.ኤ.አ. እዚሁ ናይሮቢ ኦፕራሲዮን ስሆን 141 ኪሎ ነበርኩ። ከጤፍ ጆንያ ይልቅ ራሴን ማንሳት ይከብደኝ ነበር። በዓመት ተኩል 92 ገባሁ፤ ሐኪሜ የስኳር መድኃኒቴንም አቆመልኝ። ዳንኩ ብዬ ደገስኩ!

ስህተቴ ከዚህ ይጀምራል። ባይፓስ በሚባለው ኦፕራሲዮን ጨጓራ ትንሽ ከረጢት ይሆናል፤ ምግቡም የመጀመሪያውን የአንጀት ክፍል ዘሎ ያልፋል። ስለዚህ አይረን፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ቢ12 እንደ ድሮው ወደ ሰውነት አይገቡም፤ ክኒኑ የዕድሜ ልክ ነው። ነግረውኛል። እኔ ግን ደኅና ነኝ ብዬ በሦስተኛው ዓመት ተውኩት። በአምስተኛው ዓመት እግሬ ይደነዝዝ፣ ሱቅ ቆሜ ዓይኔ ይጨልም ጀመር። ባለቤቴ «ጾሙ ነው» ትለኝ ነበር። ደሜ ሲመረመር ቢ12 ተሟጧል። መርፌው አቆመኝ፤ የግራ እግሬ ጣቶች ግን ዛሬም በደንብ አይሰማቸውም።

ስኳሩም በመጠኑ ተመልሷል። ይህ የእኔ ብቻ አይደለም። ስዊድን ውስጥ ከ1987 ጀምሮ በተለያየ መንገድ ኦፕራሲዮን የሆኑ ሰዎችን ሲከታተሉ፣ ስኳር ከነበረባቸው 100 ሰዎች በሁለተኛው ዓመት 72ቱ፣ በ15ኛው ዓመት ግን 30ው ብቻ ከስኳር ነጻ ሆነው ተገኙ። ቢሆንም እንደነሱ ወፍረው ኦፕራሲዮን ካልሆኑት በአማካይ 3 ዓመት ያህል ዕድሜ ጨምረዋል። ዛሬ 104 ኪሎ ነኝ፤ አልተጸጸትኩም።

የምቸገረው በእናንተ ማዕድ ነው። «በሞቴ» ስትሉኝ እጎርሳለሁ፤ ከሦስተኛዋ ጉርሻ በኋላ ግን መቀመጥ ያቅተኛል። ጠጅማ ተዉት፤ በአንድ ብርሌ ላብ ያጠምቀኛል፣ ልቤ ይደልቃል፣ ስካሩም ቶሎ ነው። እምቢ ማለቴ ኩራት አይደለም።

ከመካከላችን ኦፕራሲዮን ሆነው ለሰው ያልተናገሩ አሉ። ስም አልጠራም። ሱቄ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ክፍት ነው፤ በጓሮ በር ግቡ። ደማችሁን ከተመረመራችሁ ስንት ጊዜ እንደሆናችሁ ብቻ ንገሩኝ።