ለልጄ የላክሁት ስልክ

ዓርብ አንድ ቀን ናት፤ ከእረፍታችሁ ቀንሳችሁ ልትሰሙኝ ስለተቀመጣችሁ አመሰግናለሁ። ትምህርቴ ከ10ኛ ክፍል አላለፈም፤ የማወራችሁ የደረሰብኝን ነው።

እዚህ ሳባህ አል-ሳሌም በምሠራበት ቤት የ3 ዓመት ልጅ አለ። እውነቱን ልናገር፣ የምሳ ሰዓት ሲደርስብኝ አይፓዱን የምሰጠው እኔው ነበርሁ። ምን ላድርግ? በሙቀቱ ወራት 50 ዲግሪ ይደርሳል፣ ልጅ ውጭ አይወጣም፤ ድስቱ ተጥዷል፣ እንግዳ ይመጣል። አይፓዱን ሲይዝ ዝም ይላል። በኋላ ግን አይፓዱ ሲወሰድም ዝም ማለት ጀመረ። ውሃ ሲፈልግ እጄን ይጎትታል እንጂ አይናገርም።

ማዳም ሐኪም ጋ ወሰደችው። ጆሮው ደህና ነው፣ ስክሪኑን ቀንሳችሁ አነጋግሩት ተባለች። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ስክሪን ይቅር፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ ይላል። ልጅ አፉን የሚፈታው ሲናገር የሚመልስለት ሰው ሲኖር ነው። ካርቱኑ ይናገራል እንጂ አይመልስለትም።

አሁን ከምድጃው ራቅ አድርጌ አስቀምጠውና ሊጥ እሰጠዋለሁ። ሽንኩርቱን እያሳየሁ «ባሰል» እለዋለሁ፣ እሱም ይላል። ሥራዬ ይዘገያል፣ አልደብቃችሁም። የቻልሁት ማዳም ስለተስማማች ነው፤ በሰው ቤት ሕግ አናወጣም።

የእኔ ልጅ ግን ኮምቦልቻ ነው፣ ከእናቴ ጋር። 8 ዓመቱ ነው፤ ትቼው ስመጣ 3 ነበር። እናቴን እማዬ ይላታል፣ እኔን በስሜ ይጠራኛል። የዛሬ 2 ዓመት የአንድ ወር ደሞዜን አውጥቼ ስልክ ገዛሁና ወደ አገር በምትገባ እኅት ላክሁለት። ፊቱን ላይበት ብዬ ነው። አምና አንድ ዓርብ ስደውል «ቶሎ በይ፣ ጌም ላይ ነኝ» አለኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስሁ።

እናቴን ስጠይቃት እስከ እኩለ ሌሊት ያያል፣ ጠዋት ለትምህርት አይነሳም፣ ያለ ስልክ እንጀራ አይበላም አለችኝ። ተቆጣኋት። ጥፋቱ የኔ ነበር። እሷ ጉልበቷን ታማለች፤ እኔ አይፓድ የሰጠሁበት ምክንያት እሷም ጋ አለ። ደግሞ ስልኩን ብነጥቀው ይጠላኛል ብዬ ፈራሁ። ከስልኩ ሌላ ምን ሰጥቼዋለሁ?

ከእናቴ ጋር ተማከርን። ስልኩ የእሷ ሆነ፤ ቻርጅ የሚደረገውም የሚያድረውም እሷ ክፍል ነው። ካጠና በኋላ 1 ሰዓት ያያል። በማዕድ ላይ የለም፤ ብርሃኑ እንቅልፍ ስለሚያርቅ ከመኝታ በፊትም የለም። 2 ዓርብ አላናገረኝም። ሦስተኛው ላይ ኩርፊያው ለቀቀው።

በእኛ ልጅነትም ቴሌቪዥን ነበር። አባባ ተስፋዬ ተረታቸውን ሲጨርሱ ግን ፕሮግራሙ ያልቅና ወደ ጨዋታችን እንሮጥ ነበር። ዩቲዩብ አያልቅም፤ አንዱ ሲያበቃ ሌላውን ራሱ ይከፍታል። ይህን ማጥፋት ይቻላል፣ ብዙዎቻችን ግን አናውቅም።

ስክሪን መጥፎ ነው ሲባል ሰምታችሁ መደወል እንዳትተዉ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ከ18 ወር በታች ላሉ ሕፃናት ስክሪን ይቅር ሲል በቪዲዮ መነጋገርን ግን ፈቅዷል፤ እዚያ የሚመልስ ሰው አለና። እኔ ድሮ «በላህ? አጠናህ?» ብዬ እዘጋ ነበር። አሁን የሠራውን ያሳየኛል፣ ዶሮዎቹን ያሳየኛል፣ እኔም ተረት እነግረዋለሁ። ሰዓታችን ከአገር ቤት ጋር አንድ ስለሆነ ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይጠብቀኛል።

እንግዲህ 10 ሰዓት ሊሆን ነው። ያንን የዩቲዩቡን ነገር ማጥፋት የምትፈልግ ካለች ስልኳን ይዛ ሻይ ላይ ታግኘኝ፣ ደውዬ እንደጨረስሁ አሳያታለሁ።