ሥራን ከሥራ ማነጻጸር፦ ከመተማ ቆላ የሰሊጥ ሥራ አንጻር
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርእሴ የአንድን ድርጅት አሠራር ከተሻለ አሠራር ጋር እያነጻጸሩ ስለ ማሻሻል ነው። ለምሳሌ የመረጥሁት ግን ፋብሪካ የበዛበትን ከተማ ሳይሆን የመተማን ቆላና ሰሊጡን ነው።

ማነጻጸር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ገበሬ የጎረቤቱን ማሳ አይቶ የራሱን አዝመራ ይመዝናል። አዲሱ ነገር ንጽጽሩን በመለኪያ ማድረግ ነው። ዜሮክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1979 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተወዳዳሪዎቹ የፎቶ ኮፒ መኪና በምን ወጪ እንደሚሠሩ መመርመር ጀመረ። ቀጥሎም የመጋዘን ሥራውን ለማሻሻል የሄደው ወደ ሌላ የመኪና ፋብሪካ ሳይሆን፣ ልብስና ጫማ በፖስታ ወደሚሸጠው ኤል. ኤል. ቢን ነበር። የሁለቱ ምርት አይመሳሰልም፤ ዕቃ አንሥቶ፣ ለይቶና አሽጎ መላኩ ግን አንድ ሥራ ነው። እንግዲህ የሚነጻጸረው የሥራው አካሄድ እንጂ የድርጅቱ ስም አይደለም።

በአገራችንም ካይዘን ከ2002 እስከ 2003 ዓ.ም. በጃፓን ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ተሞክሮ፣ በ2004 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለታል። ይሁን እንጂ ሠሌዳ መስቀል ብቻውን ሥራን አያሻሽልም።

ወደ መተማ ስንመለስ፣ ሰሊጥ መዘግየትን የማይታገሥ ሰብል ነው። በጊዜው ካልታጨደ የፍሬው ሽፋን ተከፍቶ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። የታጨደውም ነዶ፣ የአካባቢው ሰው ሂላ በሚለው ክምር ቆሞ ከደረቀ በኋላ በሸራ ላይ ይራገፋል። ከደጋ የሚወርደውን ሠራተኛ ሁሉም ገበሬ በአንድ ሰሞን ስለሚሻው የአንድ ቀን መዛነፍ ኩንታሎችን ያስቀራል። የጎንደርና የሑመራ የግብርና ምርምር ማዕከላት ከአጋሮቻቸው ጋር የሰሊጥን ሥራ በ20 እርምጃዎች ከፋፍለው ማቅረባቸው የሚጠቅመውም ስለዚህ ነው፤ ገበሬው በየትኛው እርምጃ እንደ ተበለጠ ለይቶ ያውቃል።

ከማሳ በኋላ ግን ይህ ጥንቃቄ ይጎድላል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት ከጀመረ ወዲህ ለሰሊጥም ደረጃ ወጥቶለታል። ሰሊጡ መለኪያ አለው፤ ሰሊጡን የሚያስተናግደው ድርጅት ግን ብዙ ጊዜ መለኪያ የለውም። ስለዚህ ከገንደ ውሃ እስከ ሽንፋ ያሉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አራት ነገሮችን ብቻ በአንድ ዓይነት ቅጽ እንዲመዘግቡ አሳስባለሁ፦ መኪና ከበር ገብቶ እስኪወጣ የሚቆይበትን ሰዓት፤ በገቢና በወጪ ሚዛን መካከል የሚታየውን ልዩነት፤ ደረጃው አከራክሮ ናሙና በድጋሚ የተወሰደበትን ብዛት፤ ገበሬው ገንዘቡን እስኪቀበል የሚያልፈውን ቀን። በእነዚህ አራቱ ላይ እምነት ያጣ ገበሬ ፊቱን ወደ ድንበር ማዶ ነጋዴ ቢያዞር አያስደንቅም።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። አንደኛ፣ መንገድና መብራት ያለውን መጋዘን ከሌለው ጋር እኩል አቁሞ መፍረድ ንጽጽር አይባልም። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ለመቅጫ ከዋለ ሁሉም ቁጥሩን ያሳምራል፤ ከዚያ በኋላ የሚነጻጸረው ሥራ መሆኑ ቀርቶ ወረቀት ይሆናል። ስለሆነም ውጤቱን አስቀድመው ሊያዩት የሚገባቸው ሚዛን ላይ የቆመው ሠራተኛና ጆንያ የሚሸከመው ወዛደር ናቸው፤ መዘግየቱ ከየት እንደሚመጣ ከሁሉ ይበልጥ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

ማኅበራችን ቅጹን አዘጋጅቶ ከመጪው አጨዳ በፊት ቢያደርስ ወጪው ጥቂት ወረቀትና የአባላት ጉዞ ነው። ጥቅሙን ግን ገበሬው በኩንታል ይቆጥረዋል።