መርዶ ነጋሪዋን ማን ያጽናናት?

ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በሀገራችን መርዶ ሥርዓት አለው። ዘመድ ተጠራርቶ ይሰበሰባል፤ ሽማግሌና የንስሐ አባት ይጠራሉ፤ በማለዳ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይኬዳል። ቃሉን የሚናገረው አንድ ሰው ቢሆንም የሚሸከሙት ብዙዎች ናቸው።

በጤና ጣቢያ ግን እንዲህ አይደለም። እናቲቱ ለቅድመ ወሊድ ክትትል ብዙ ጊዜ ብቻዋን ትመጣለች። አዋላጅ ነርሷ የፅንሱን የልብ ምት ትፈልጋለች፤ ታጣዋለች፤ ቦታ ለውጣ ደግማ ታዳምጣለች። እናቲቱ ዐይኗን ከአዋላጇ ፊት አትነቅልም። በአልትራሳውንድ እስኪረጋገጥ ድረስ አዋላጇ የጠረጠረችውን በልቧ ይዛ ትቆያለች። ከተረጋገጠም በኋላ መርዶውን ብቻዋን ትናገራለች። ከደጅ ሌሎች ነፍሰ ጡሮች ተራ ይጠብቃሉና፣ እንባዋን ጠርጋ ቀጣይዋን በፈገግታ መቀበል ይኖርባታል።

እኛ በዚህ ሥራ ያለን ባለሙያዎች ሸክሙን እናውቀዋለን። አንዳንዶቻችን እንቅልፍ እናጣለን፤ ሌሎቻችን ላለመጎዳት ስንል ልባችንን እናደነድናለን። ንግግራችን ያጥራል፤ ይደርቃል። ለሰው ጭካኔ የሚመስለው አንዳንዴ የተከማቸ ሐዘን ነው። ሐዘኑም መውጫ የለውም፤ ለ40 ወይም ለ80 ቀን ክርስትና ላልደረሰ፣ ለቅሶ ላልተቀመጡለት ልጅ ድንኳን አይጣልምና።

በ2000 እ.ኤ.አ. በካንሰር ሕክምና ዙሪያ የወጣ ባለ ስድስት ደረጃ መመሪያ፣ ክፉ ዜና ጸጥ ባለ ስፍራ፣ ተቀምጦ፣ ሕመምተኛው የሚያውቀውን አስቀድሞ ጠይቆ፣ በግልጽ ቃል እንዲነገር፣ ስሜቱም እንዲደመጥ ያስተምራል። መልካም ትምህርት ነው፤ ነገር ግን ስፍራና ጊዜ፣ አጠገብ የሚቆምም ሰው ይሻል። በዚህ ረገድ አጥቢያችሁ ብዙ ሊያደርግ ይችላል።

አንደኛ፣ ነፍሰ ጡር ወደ ክትትል ብቻዋን እንዳትላክ ባሎችንና ዘመዶችን ምከሩ።

ሁለተኛ፣ እናቲቱ ፈቅዳ የንስሐ አባቷ ሲጠራ ፈጥኖ ይምጣ፤ ሆኖም ለመናገር አይቸኩል። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት መቀመጣቸው፣ ኋላ ከተናገሩት ሁሉ የተሻለ ማጽናኛ ነበር።

ሦስተኛ፣ «ኃጢአቷ ነው» ወይም «አዋላጇ ናት የገደለችው» የሚለውን ወሬ ገሥጹ። ጥፋት ከተጠረጠረ በሚመለከተው አካል ይጣራ እንጂ በደጀ ሰላም አይፈረድ።

አራተኛ፣ በአቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ለብቻ ማነጋገሪያ ስፍራ ከሌለው፣ አንድ መጋረጃና ሁለት ወንበር ከሰበካ ጉባኤ አቅም በላይ አይደለም።

በመጨረሻም፣ እሑድ በቅዳሴ ከምእመናን መካከል የቆመችውን አዋላጅ አስቡ። «ሥራ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቋት፤ መልሷንም እስክትጨርስ ታግሣችሁ ስሙ። የምታዳምጥ እንጂ የደነደነች አዋላጅ እንድትቀበላቸው የማይፈልጉ እናቶች ነገም ወደ እርሷ ይሄዳሉና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።