የአኻያ ቅርፊትና የመድኃኒትነቱ ወሰን



በአገራችን ወንዞች ዳር የሚበቅለው አኻያ ለኬሚስት እንግዳ ዛፍ አይደለም፤ አስፒሪን የተገኘው ዘመዶቹን በማጥናት በተጀመረ ምርምር ነውና። ታዲያ «ቅርፊቱን አፍልቶ መጠጣት ምን ይከፋል?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ፣ መልሱን በቁጥር መፈለግ ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ1763 ኤድዋርድ ስቶን የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ፣ የአኻያ ቅርፊት አድርቆና ፈጭቶ 50 ለሚሆኑ የንዳድ ሕመምተኞች እንደ ሰጠ ለሮያል ሶሳይቲ ጻፈ። ለሙከራው ያነሣሣው ምሬቱ የሲንኮናን ቅርፊት መምሰሉ ነበር። የብዙዎቹ ትኩሳት በረደ። ሆኖም በየአራተኛው ቀን የሚመላለሰው ንዳድ አልለቅ ሲለው አንድ አምስተኛ ሲንኮና ጨመረበት፤ ያን ጊዜ ለቀቀ። የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በሲንኮና ውስጥ ያለው ኪኒን የወባውን ተሕዋስ ይገድላል፤ አኻያ ግን ሙቀቱን ብቻ ያወርዳል።

ይህን የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ1828 ዮሐን ቡክነር ለይቶ ያወጣው ሳሊሲን ነው። ሳሊሲን ስኳር የተያያዘበት ሞለኪውል ሲሆን፣ ስኳሩ አንጀት ውስጥ ይለያል፤ የቀረው ክፍል በጉበት ወደ ሳሊሲሊክ አሲድ ይለወጣል። የሳሊሲን ሞለኪውላዊ ክብደት 286፣ የአሲዱ 138 ስለሆነ፣ ከ1 ግራም ሳሊሲን ከ0.48 ግራም የበለጠ አሲድ አይገኝም። ስቶን በየአራት ሰዓቱ ይሰጥ የነበረው ዱቄት 3.9 ግራም ያህል ነበር። ቅርፊቱ 10 በመቶ ሳሊሲን ነበረው ብንል እንኳ (አብዛኞቹ ዝርያዎች ያላቸው ከዚህ ያነሰ ነው) የሚገኘው አሲድ ወደ 190 ሚሊግራም ነው። አንዲት ባለ 300 ሚሊግራም የአስፒሪን ክኒን ግን 230 ያህል ትሰጣለች። በዚያ ላይ የሳሊሲኑ መጠን እንደ ዝርያው፣ እንደ ዛፉ ዕድሜና እንደ ወቅቱ ስለሚለዋወጥ፣ የዛሬው ስኒ ከነገው ጋር አይተካከልም። ከመካከላችን ጥንካሬው ባልተለካ ሲሚንቶ ድልድይ የሚሠራ ያለ አይመስለኝም።

ይሁንና ከመጠኑ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከእብናት ጋር በሚዋሰነው በሊቦ ከምከም ብዙ ሰው የፈጀው ሕመም፣ በ1997 ዓ.ም. ካላ አዛር መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ፣ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ሲባል ቆይቷል። ከዚያ በኋላ ነው ሕክምናው በአዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ የተጀመረው። ይህ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ ለሳምንታት ያተኩሳል፤ ጣፊያን ያሳብጣል፤ ሰውነትን ያከሳል፤ ካልታከመም ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ይገድላል። በቅርፊትም ሆነ በክኒን ሙቀቱ ለጥቂት ሰዓታት የወረደለት ሰው ተሻለኝ ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። ተሕዋሱ ግን በጣፊያውና በመቅኔው መራባቱን አያቋርጥም። አስፒሪንማ የባሰ ነው፤ ካላ አዛር ደምን የሚያረጉትን ሕዋሳት ቁጥር ሲቀንስ፣ አስፒሪን ደግሞ በአሴቲሉ አማካይነት የቀሩትን ሥራ ያስፈታል፤ ሕመምተኛውም ለመድማት ይጋለጣል።

ስለዚህ በእብናት ቆላማ ቀበሌዎች ለመንገድም ሆነ ለውኃ ሥራ የምትሰማሩ ባልደረቦች፣ ከሠራተኞቻችሁ መካከል ሁለት ሳምንት ያለፈው ትኩሳት ያለበት ሲገኝ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት። በዚያም ለወባ ብቻ ሳይሆን ለካላ አዛርም እንዲመረመር ጠይቁለት።