«አስፒሪኑ አይበቃትም?»

(በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)

  

ዛሬ የማወራችሁ አንድ ወጣት ካመጣብኝ ጥያቄ ተነስቼ ነው። ከኢሻእ ሶላት በኋላ ሰዉ ሲበተን ጠጋ አለና «ኡስታዝ፣ እናቴ ሆስፒታል ተኝታለች» አለኝ። እግራቸው ውስጥ የረጋ ደም ተነቅሎ ሳንባቸው ገብቷል። ሐኪሞች ሆድ ላይ የሚወጋ መርፌ አዘዙ። ከጠያቂዎች አንዱ ግን መርፌው ከአሳማ እንደሚሠራ ተናገረ፤ እናትየው ከዚያ ወዲያ እምቢ አሉ። ልጁም «ለልቧ ተብሎ አስፒሪን ድሮም ትወስዳለች፤ እሱም ደም ያቀጥናል ይባላል። አስፒሪኑ አይበቃትም?» ሲል ጠየቀኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ስለ አሳማው ብቻ ቢሆን ኖሮ ወዲያው እመልስለት ነበር። የአስፒሪኑን ግን አላውቅም ነበር። ሳያውቁ መናገር ደግሞ አማና ማጉደል ነውና በዚያው ሌሊት ለአንድ ሐኪም ወንድማችን ደወልኩ። ከእርሱ የሰማሁትንና ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ላካፍላችሁ።

ያሳሳተን «ደም ማቅጠኛ» የሚለው ስም ነው። ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶችን በአንድ ስም እንጠራለን። በደማችን ውስጥ ፕላትሌት የሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ የተቀደደ ቦታ ሲያገኙ እርስ በርስ ተጣብቀው ይደፍኑታል። ከልብ የሚወጣው ደም በኃይል በሚሮጥበት ደም ቅዳ ላይ፣ ስብ የተጠራቀመበት ግድግዳ ሲሰነጠቅ ተሯሩጠው የሚከመሩት እነርሱ ናቸው። የልብ ድካም ያልነው ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክ በአብዛኛው የሚመጡት በዚህ መንገድ ነው። አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል የሚከለክሉት ይህን መጣበቅ ነው። አስፒሪን እንዴት እንደሚሠራ በ1971 እ.ኤ.አ. ያሳየው እንግሊዛዊው ጆን ቬን ነበር። አስፒሪን አንዴ የያዘው ፕላትሌት እስኪሞት ድረስ፣ ማለትም ከ7 እስከ 10 ቀን፣ ሥራውን በቅጡ አይሠራም። ትንሿ እንክብል በቀን አንዴ የምትበቃው ለዚህ ነው።

የእግር ደም መልስ ግን ሌላ ነው። እዚያ ደሙ ወደ ላይ የሚወጣው በዝግታ ነው። ሰው ከቀዶ ጥገና በኋላ ሲተኛ፣ እግሩ ተሰብሮ ሲታሰር፣ እናት ስትወልድ፣ ወይም ሑጃጅ አውሮፕላን ላይ ለሰዓታት ሳይንቀሳቀሱ ሲቀመጡ ደሙ ሊረጋ ይችላል። ደም ረጋ የምንለውም ወተት ረጋ እንደምንለው ነው፤ ፋይብሪን የሚባል የፕሮቲን ክር ቀዩን ደም እንደ መረብ ይዞ ያረጋዋል። የፕላትሌት ድርሻ እዚህ አነስተኛ ነው።

ከእግር የተነቀለው የረጋ ደም ለምን ሳንባ ላይ ይቀራል? ኢብኑ ነፊስ (ረሒመሁላህ) በ13ኛው መቶ ዘመን ደም ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ግራው የሚያልፈው በሳንባ በኩል መሆኑን ጽፈው ነበር። ከእግር የሚመጣ ሁሉ ቀኝ ልብን አልፎ መጀመሪያ የሚያገኘው ጠባብ መተላለፊያ የሳንባን ነው። እዚያ ሲወተፍ ድንገት ትንፋሽ ያጥራል፤ ሲተነፍሱ ደረት ይወጋል፤ አንዳንዱ ደም ያስላል፤ አንዳንዱም ራሱን ይስታል። አስቀድሞ አንድ እግር ብቻ ያበጠና የሚያም ሊሆን ይችላል። ይህን ያያችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ።

ይህን መርጋት የሚያስቆሙት እነ ሄፓሪን፣ ዋርፋሪን፣ ሪቫሮክሳባንና አፒክሳባን ናቸው። በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ከ6 እስከ 12 ወር ሕክምናቸውን የጨረሱ 3,396 ሰዎች ተመድበው ነበር። አስፒሪን ከወሰዱት ከመቶ 4.4 ያህሉ፣ ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት ግን ከመቶ 1.2 እስከ 1.5 ያህሉ ደም መርጋቱ ተመለሰባቸው። አስፒሪን ጨርሶ አይረባም ማለት አይደለም፤ ሐኪም ለአንዳንዱ ሰው ቆይቶ ሊያዘው ይችላል። ሳንባው ውስጥ አሁን የረጋ ደም ላለበት ሰው ግን ሕክምናው አይደለም።

ወደ አሳማው ልመለስ። የሰውየው ወሬ እውነት ነው፤ ሄፓሪንም ሆነ ኢኖክሳፓሪን በአብዛኛው የሚዘጋጀው ከአሳማ አንጀት ነው። ይህን ከበሽተኛ መደበቅ አልወድም። ግን ሐራምን የደነገገው ሸሪዓ ራሱ ደሩራን፣ ማለትም አስገዳጅ ሁኔታን፣ አስቀምጧል። ከዑለማዎችም ባሕርዩ ፈጽሞ የተለወጠ ነገር ብይኑ ይለወጣል ያሉ አሉ። እኔ የምለው ይህ ነው፤ «ለእኔ የሚሆን ሌላ አለ?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። ፎንዳፓሪነክስ የሚባለው መርፌ ከእንስሳ የሚወጣ አይደለም፤ አንዳንድ በሽተኛም ከመጀመሪያው በእንክብል ይታከማል። «የለም፣ ወይም ለአንተ አይሆንም» ካለ ግን ተወጉ። ነፍስን ለጥፋት መስጠት ተቅዋ አይደለም።

በማግስቱ ከልጁ ጋር ሄድኩ። ሐኪሙ ለጊዜው ሆስፒታሉ ያለው ያ መርፌ ብቻ እንደሆነ ነገረን። እናትየው ሁሉን ሰምተው ሲያበቁ «ኡስታዝ፣ የእርስዎ እናት ብትሆን ያስወጓት ነበር?» አሉኝ። «ወላሂ አስወጋት ነበር» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና ነርሷን ጥሯት አሉ። አስፒሪኑን ደግሞ ሐኪሙ ራሱ አቆመው፤ ሁለቱ ሲደራረቡ የመድማት አደጋው ይጨምራል። በእርሳቸው ሁኔታ ነው እንጂ፣ ልቡ ውስጥ ስቴንት የገባለት ሰው ይህን ሰምቶ በራሱ እንዳያቆም አደራ።

ረመዳን ሲቃረብ ልጁ ተመልሶ መጣ። ዋግምትም ልታስደርግ፣ ጾሙንም ልትጾም ትፈልጋለች አለኝ። ዋግምቱን ይህን መድኃኒት እየወሰዱ ደም ማፍሰስ አደገኛ ነውና ተዉት አልኩ። ስለ ጾሙ መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ከከለከለ አላህ ለበሽተኛ የሰጠውን ፈቃድ ተቀበሉ አልኩት። ሐኪሙ ፈቀደላቸው። የሚወስዱት ሪቫሮክሳባን በቀን አንዴ ከምግብ ጋር የሚዋጥ ስለሆነ ሰዓቱን ወደ ማታ አዛወረላቸው፤ በቀን ሁለቴ የሚወሰድ ቢሆን ነገሩ ሌላ ነበር። እናትየው አሁን እንክብላቸውን የሚውጡት ከኢፍጣር ሾርባቸው ጋር ነው።